ደወል ቤቱ ላይ ማን ወጣ?

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አምድዎን የማነበው ከእናቴ ጋር ነው። መነጽሯ ከተሰበረ ወዲህ እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ እሷ እየፈተለች ትሰማለች።

ዛሬ የምጽፍልዎ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስለተኳረፍን ነው። ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን ቴሌቪዥን ላይ ስለ ላሊበላ ይወራ ነበር። እኔ «የሚዋጉ ሰዎች ቢያንስ እንዲህ ያለውን ነገር እንኳ ቢተዉት ምናለ?» አልኩ። ወንድሜ ስኒውን አስቀመጠ። ወታደር ነበር፤ እግሩ ተመትቶ ነው የተመለሰው። «አንቺን የሚያሳዝንሽ ድንጋይ ነው» አለኝ። ከዚያ ነግሮን የማያውቀውን ነገረን። ኮረብታ ላይ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከደወል ቤቱ ላይ በመትረየስ ይተኮስባቸዋል። «ቤተ ክርስቲያኑን እንዳትነኩ» የሚል ትእዛዝ ስለነበር ግማሽ ቀን ሜዳ ላይ ተኝተው ዋሉ። ጓደኛው እዚያው አጠገቡ ሞተ። ይህን ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ሦስተኛዋን ስኒ እንኳ አልጠጣም።

እናቴ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ትላለች። እሱ ደግሞ ምንም አልጠቀመንም። እርስዎ ምን ይላሉ? በጦርነት ጊዜ ጦር ቅርስን ሳይነካ ማለፍ አለበት? ሕግስ አለው?

ታናሽ እህት ነኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ነው። ሻዬ ቀዝቅዞ ዝንብ ገባበት።

ከሁሉ በፊት ወንድምሽን ስለ ጓደኛው «ጋሼ ነፍስ ይማር ብለዋል» በይልኝ። የየትኛው ጦር ወታደር እንደነበር አልጻፍሽም። ጥሩ አድርገሻል። እኔም አልጠይቅም።

እኔ ወታደር ሆኜ አላውቅም። 27 ዓመት ጣና ላይ አስጎብኚ ነበርኩ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ናርጋ ሥላሴ፣ ስንት ጊዜ ተመላልሼባቸዋለሁ። ልጆቼን ያሳደግሁት በእነዚያ ሥዕሎች ነው። ስለዚህ «ቅርሱ ይቅደም» እንደምል ጠብቀሽ ይሆናል።

አልልም። ምርጫው በእውነት አንድ ግድግዳና አንድ ሰው ከሆነ ሰውየው ይትረፍ። አንድ ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ አንድ ፈረንጅ ለአንድ አባት አቅርቦላቸው እኔ አስተረጎምኩ። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡና «ሰንበት ስለ ሰው ተፈጠረ እንጂ ሰው ስለ ሰንበት አልተፈጠረም» አሉ። ወንጌል ነው። ፈረንጁ ሌላ ነገር ጠብቆ ነበር መሰለኝ፣ ደብተሩን ዘጋው።

ግን ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምርጫው እንዲህ ጥርት ብሎ፣ በአንድ በኩል ድንጋይ በሌላ በኩል ሰው ሆኖ የሚመጣው ስንት ጊዜ ነው?

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ለወንድምሽም አንብቢለት።

ጣሊያን አገር፣ ከሮም በስተደቡብ፣ ሞንቴ ካሲኖ የሚባል ተራራ አለ። ጫፉ ላይ ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረተው ገዳም አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ከአጋሮቹ ጋር ወደ ሮም ሊያልፍ ሲል ጀርመኖች ተራራውን ይዘው አላሳልፍ አሉ። ታች ጭቃ ውስጥ ያለው ወታደር ቀና ባለ ቁጥር የሚታየው ያ ገዳም ነው። መስኮቶቹ እንደ ዓይን ያፈጡበታል። «እዚያ ውስጥ ሆነው እያዩን ነው» አለ። ማን አይልም? ወንድምሽም ይላል፣ እኔም እላለሁ።

ፌብሩዋሪ 15 ቀን ቦምብ ጣዮቹ መጡ። ገዳሙ በዚያ ቀን ፍርስራሽ ሆነ።

ጀርመኖቹ ግን ውስጥ አልነበሩም። ተራራውን ይዘዋል፤ ገዳሙ ውስጥ ግን አልገቡም። ውስጥ የነበሩት መነኮሳትና ከየመንደሩ ሸሽተው የተጠለሉ ገበሬዎች ነበሩ፤ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ሽማግሌው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ከዚያስ? ጀርመኖቹ ፍርስራሹ ውስጥ ገብተው መሸጉ። የተናደ ድንጋይ ከቆመ ግድግዳ የበለጠ ይመቻል፤ ጣሪያ የለው የሚደረመስብህ፣ መስኮት የለው የሚታይብህ። ተራራው የተያዘው ሜይ 18 ቀን ነው። ከሦስት ወር በኋላ! በመሀል በሺዎች የሚቆጠር ወታደር አለቀ።

ስለዚህ ያን ቀን ድንጋዩ ተሠዋ፣ ሰውም አልዳነም። «ለድንጋይ ሲባል ሰው ሞተ» ለሚለው ለወንድምሽ ይህን ንገሪው። ድንጋዩ ፈርሶም ሰው ይሞታል። አንዳንዴ የሚሞተው እንዲያውም ስለፈረሰ ነው። እንደኛ አገር ደግሞ ጥይት ሲጮህ ሕዝቡ የሚሮጠው ወዴት ነው? ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ። ቅጥሩን ስትመታ ማንን እየመታህ እንደሆነ አታውቅም።

ሕግ አለው ወይ ብለሻል። አለው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሄግ ላይ የወጣ ስምምነት ነው፣ በጦርነት ጊዜ ቅርስን ስለመጠበቅ። አገራችንም ተቀብላዋለች። ሰው ሁሉ ይህን ሕግ «ቅርስ ላይ አትተኩስ» የሚል ብቻ ይመስለዋል። ግማሹ እሱ ነው። ሌላው ግማሽ «ቅርስ ውስጥ ሆነህ አትተኩስ» ነው። ቅርሱንም ዙሪያውንም ለጥፋት ለሚያጋልጥ ነገር አታውል ይላል። እንግዲህ መትረየስ ተሸክሞ ደወል ቤት የወጣው ሰውዬ ሕጉን የጣሰው ገና ቃታ ሳይስብ ነው። ደረጃውን ሲወጣ።

ይህ ነገር ሁሌ ይረሳል። ቤተ ክርስቲያን ሲመታ «ማን መታው?» ብለን እንጮኻለን። «ማን ነበር ውስጡ የገባው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ወንድምሽ የተቆጣው በድንጋዩ ላይ ነው። ድንጋዩ ምን አደረገ? ስንት መቶ ዓመት ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጓደኛውን የገደለው ደወል ቤቱ ላይ የወጣው ሰውና ላኪው ነው።

ሌላም አለ። ሕጉ «ሜዳ ላይ ተኝታችሁ ሙቱ» አይልም። የግድ የሆነ ወታደራዊ ምክንያት ካለ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ትቷል። ያለዚያ ቀዳዳ ብዙ አገር የሚፈርምም አይመስለኝም። ግን ቀዳዳ ሲያድር በር ይሆናል። ሁሉም አዛዥ «የግድ ሆኖብኝ ነው» ማለት ይችላላ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1999 ተጨማሪ ፕሮቶኮል ወጣና ቀዳዳውን አጠበበው። ቅርሱ በአገልግሎቱ የጦር ዒላማ ካልተደረገ አትምታ፤ ተደርጎም ሌላ መንገድ ካለ አትምታ፤ ጊዜ ካለህ አስቀድመህ አስጠንቅቅ። ውሳኔውንም የሻለቃ ወይም ከዚያ በላይ ያለ ጦር አዛዥ ይስጥ አለ፣ ሁኔታው ጨርሶ ካልፈቀደ በስተቀር።

እኔ ይህችን የሻለቃ ነገር እወዳታለሁ። ጓደኛው አጠገቡ የወደቀበት ልጅ በንዴት ብቻውን የሚወስነው አይሁን ማለት ነው። ለቤተ ክርስቲያኑም ለልጁም ነው የምትጠቅመው። ወንድምሽ ያን ቀን በገዛ እጁ አፍርሶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በአጠገቡ ቆሞ ማለፍ ይችል ነበር? እስቲ ጠይቂው። ወይም ተይው፣ አትጠይቂው።

የእነሱ አዛዥ ታዲያ ምን ማድረግ ነበረበት? በሩቅ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ ደግሞ አስጎብኚ ነኝ። ግን «እንዳትነኩ» ብሎ ማዘዝ አንድ ነገር ነው፣ ሰውን ገላጣ ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን አስተኝቶ መተው ሌላ ነገር ነው። ወደ ኋላ መሳብ አለ። በጀርባ መዞር አለ። ጨለማ መጠበቅ አለ። ትእዛዙ ልክ ነበር፤ ያለቀ ትእዛዝ ግን አልነበረም። የወንድምሽ ቂም እዚህ ላይ ቢያርፍ አልፈርድበትም።

አሁን ደግሞ ለእሱ ላድላ። የክዮቶን ታሪክ ቢያውቅ ኖሮ እሑድ ዕለት አፍሽን ባስያዘሽ ነበር። ክዮቶ የጃፓን የድሮ ዋና ከተማ ናት፣ በየሰፈሩ ቤተ መቅደስ። አሜሪካኖች አቶም ቦምብ የሚጥሉባቸውን ከተሞች ሲመርጡ ዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን «ክዮቶን አውጡ» ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ ቀደም ሄዶ አይቷታል። ወጣች። ናጋሳኪ ገባች። ክዮቶ ዛሬም ከነቤተ መቅደሶቿ አለች። ናጋሳኪ ኦገስት 9 ቀን 1945 ነደደች፣ ኡራካሚ የተባለው ካቴድራሏም ውስጡ ከነበሩት ምዕመናን ጋር። ቅርስን ማትረፍና ሰውን ማትረፍ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ስቲምሰን ክዮቶን ባይተዋትም ቦምቡ አይቀርም ነበር፣ ከተማው ብቻ ነው የሚቀየረው። ቢሆንም ይህን ታሪክ ሳስብ ሆዴን ቅር ይለዋል። ቅር ይበለው።

አንድ ነገር ግን ቀዳዳም ክርክርም የለውም። ዘረፋ። የ1954ቱ ስምምነት የግድ ሆነብኝ የሚለውን ምክንያት ለመተኮስ እንጂ ለመዝረፍ አላስቀመጠም። የትኛው ወታደር ነው ብራና ስላልሰረቀ የሞተው?

እኛ አገር ብዙውን የወሰደብን መድፍ አይደለም፣ ተሸካሚ ነው። በሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ጦርነቱ አልቆ ነበር። የተወሰደው ሁሉ የተወሰደው ካለቀ በኋላ ነው። ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል ይባላል። ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ከዚያ የሄዱ ታቦታት እስካሁን ለንደን ባለው የብሪቲሽ ሙዚየም መጋዘን ውስጥ ተቆልፈው አሉ፤ ለጎብኚ አይታዩም፣ ለእኛም አይመለሱም።

ይህን ለቱሪስት ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል። አንድ ቀን አብሮኝ የነበረ የጎንደር ልጅ ጆሮዬ ሥር «መቅደላ የነበሩትስ መጻሕፍት ከየት መጡ?» አለኝ። ዝም አልኩ። በ1859 ቴዎድሮስ ራሳቸው የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አዘርፈው፣ አቃጥለው ነው ወደ መቅደላ ያስጫኑት። ጀግናዬ ናቸው፣ አሁንም። ግን የጎንደር ካህን ያን ቀን ሲያለቅስ የሚያውቀው እንግሊዝን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ይህን ክፍል ለቱሪስቱም እጨምርለታለሁ። አንዳንዱ ፊቱ ቀለል ይለዋል፤ ያናድደኛል፣ ግን ምን ላድርግ።

የቅርቡን አንቺም ታውቂዋለሽ። ትግራይ ውስጥ የነጃሺ መስጊድ ተመታ። ደብረ ዳሞ ተጎዳ። ላሊበላ በ2013 እና በ2014 ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ቆመው ተገኙ፣ እግዜር ይመስገን። ከዚያ በኋላም ከተማው ውስጥ ተኩስ ነበር። ላሊበላ እንደ ሌላ ሕንፃ አይደለም። ድንጋይ ተደራርቦ አልተሠራም፤ ከአንድ አለት ነው የተፈለፈለው፣ አለቱም ድሮውኑ የተሰነጣጠቀ ነው። ለሌላው «ባይመቱት ይበቃል» ትያለሽ። ለእሱ አጠገቡ ከባድ መሣሪያ መጮሁም ያሰጋል።

«ታዲያ ማን ያድነዋል?» ካልሽኝ፣ ሕግ በኋላ ይቀጣል። ማሊ ውስጥ ቲምቡክቱ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የቅዱሳንን መቃብሮች ሲያፈርሱ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው አሕመድ አል ፋቂ አል ማህዲ በ2016 ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት 9 ዓመት ፈርዶበታል። ይሁን፣ ጥሩ ነው። መቃብሮቹ ግን ፈርሰው ነበር። የዚያችው ከተማ ጥንታዊ ጽሑፎች የተረፉት በፍርድ ቤት አይደለም። የከተማው ሰዎች በብረት ሣጥን እየከተቱ፣ በመኪናና በኒጀር ወንዝ ጀልባ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠረውን ጽሑፍ ወደ ባማኮ አሸሹት።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ የደንገል ታንኳ ሠሪ ነበር። በ1983 ጦርነቱ ወደ ባሕር ዳር ሲጠጋ እኔ 19 ዓመቴ ነው። አንድ ማታ የኛ አጥቢያ መሪጌታ ቤታችን መጡ። ከእሳቸው ጋር ነጠላ የተሸፈኑ ሦስት ማኅደሮች። «ደሴት ይደሩ» አሉ። ጣና ከጥንት ጀምሮ የዚህ ሥራ ባለሙያ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት ጊዜም ንዋየ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ይሸሽ ነበር፤ ዳጋ እስጢፋኖስ ላይ የነገሥታት አፅም ሳይቀር አለ። አባቴ ይህን ሁሉ አላወራም። «ዝናብ የለም፣ ነፋሱም ጥሩ ነው» አለና ተነሣ።

ሌሊቱን ሄድን። ታንኳዋ አዲስ አልነበረችም። ደንገሏ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፣ ተቀምጬበት መቀመጫዬ ረጥቧል። አባቴ ከኋላ ይቀዝፋል። መጻሕፍቱን ጭኔ ላይ ላስቀምጥ ስል «ራስህ ላይ!» አለኝ። ሦስቱን አንድ ላይ አስሮ ራሴ ላይ ጫነብኝ፣ በሁለት እጄ ያዝኩ። ከባድ ናቸው። የቆዳና የዕጣን ሽታ ከላይ ይወርድብኛል። አንገቴ ሲዝል ትንሽ ዘንበል አልኩ፣ ውሃው ክርኔን ነካው። አባቴ በሕይወቱ ተቆጥቶኝ እንደዚያ ሌሊት ተቆጥቶኝ አያውቅም። «አንተ ብትወድቅ ትዋኛለህ፣ እነሱ አይዋኙም!»

ሲነጋ ደረስን። የደሴቱን ስም አልነግርሽም፤ ሴት ከማይገባባቸው አንዱ ነው፣ እና ገምቺ። የተቀበሉን አባት ማኅደሩን ከፈት አድርገው አንዱን መጽሐፍ አዩ። ዳዊት ነበር። አንዱ ቅጠል ላይ የጧፍ ሰም ጠብ ብሎ ደርቋል፣ የጣት አሻራ ያለበት። ማን እንደነበር እንግዲህ፤ ሌሊት ሲደግም እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል። አባ በጥፍራቸው ሊያነሡት ሞከሩና ተዉት።

ባሕር ዳር ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ምንም አልሆነም። ጥይት እንኳ አልነካውም። «ይኸው፣ በከንቱ ደከማችሁ» ያሉን ነበሩ። አባቴ መልስ አልሰጣቸውም።

ወንድምሽን አንድ ቀን ወደ ወደቡ ይዘሽው ነዪ። እግሩ ለጀልባ የሚያስቸግር ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪኝ፣ ወለሉ ሰፋ ያለችውን አስይዛለሁ። ስለ ቅርስ አላወራውም። የደሴቶቹን ደወል ግን ከውሃው ላይ ሆኖ ቢሰማው ደስ ይለኛል። ካልፈለገም ዓሣ እንበላለን።

ከሦስቱ ማኅደሮች ሁለቱ በዓመቱ ተመለሱ፣ እኔው ነኝ ያመጣኋቸው፣ ያን ጊዜ በሞተር ጀልባ። ሦስተኛው፣ ሰም ያለበት ዳዊት፣ አልተመለሰም። የኛ አጥቢያ «አደራ ነው፣ ይመለስ» ይላል። ደሴቱ «ሁለት ተሰጠን፣ ሁለት መለስን» ይላል። ይኸው ከ30 ዓመት በላይ ሽማግሌ ይላካል፣ ሽማግሌ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ራሴ ላይ የተሸከምኳቸው ሦስት እንደነበሩ ብምልም አባ «ልጄ፣ ሌሊት ነበር፣ ተሳስተህ ይሆናል» ብለው ጠላ ቀድተውልኝ መለሱኝ።